ግልባጭ

ሰፊዋ ለአራተኛ ጊዜ ከወንበሯ ስትነሳ አክስቷ ቀሚሷን ይዛ መልሳ ጎተተቻት።

«ተቀመጪ እንጂ። ምን ሆነሻል? እሾህ ላይ ነው እንዴ ያስቀመጡሽ?»

ሰፊዋ ተቀመጠች። ተቀመጠች ይባል እንጂ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው ያረፈችው። ከቀብር የተመለሱት ትናንት ነበር፤ ዛሬ ማክሰኞ፣ የሐዘኑ ሁለተኛ ቀን መሆኑ ነው። ሳሎኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተውሶ ወንበር ተሞልቷል። ለቀስተኛው ይገባል፣ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ከፔርሙስ የተቀዳለትን ሻይ ይይዛል፣ ስለ ሟቿ ሁለት ነገር ከተናገረ በኋላ ወደ ኑሮ ውድነት ይሻገራል። ሰፊዋ ይህን አልጠላችም። የጠላችው የገዛ እጆቿን ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ልብስ ሲሰፉ የኖሩ እጆች ጭን ላይ አርፋችሁ ተኙ ቢባሉ አይሰሙም፤ የሻርፗን ጫፍ ይፈትላሉ፣ ይተረትራሉ፣ ደግሞ ይፈትላሉ። ዓይኗም ደረቅ ነው። ከማዶ የተቀመጠች አንዲት ለቀስተኛ ይህን አይታ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብላ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ስትል ሰፊዋ ሰምታታለች። 

የሞተችው ታላቅ እህቷ ናት። እታለም ነው የምትባለው። ስሙን ያወጣችላት ራሷ ሰፊዋ ነበረች፣ አፍ ስትፈታ፤ ከዚያ ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም ተቀብሎ እታለም አላት። ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የአንድ ትምህርት ቤት ታይፒስት ነበረች። ከዚያ የተረፈ ጊዜዋን ሁሉ ደግሞ ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡትን ብሬል የሚባለውን ጽሑፍ በእጇ እየወጋች፣ መጽሐፍ ስትገለብጥላቸው ኖረች። የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ዳይሬክተር ጎረቤታቸው ነው፤ እነሆ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃሉ አልያዘለትም። «እታለም እኮ በብርሌ ነበር የምትጽፈው» እያለ ለመጣው ሁሉ ያስረዳል። የማያውቀው ለቀስተኛ ሟቿ መጠጥ ይዟት ኖሮ ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል።

አሥር ሰዓት ገደማ በሩ ላይ ነጭ ዘንግ የያዘች ሴት ቆመች። ሳሎኑ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይረዳት ጀመር። አንዱ በክንዷ፣ አንዷ በቦርሳዋ፣ ሌላዋ በዘንጓ ጎተቷት። ዳይሬክተሩ ዓይኗ ሳይሆን ጆሮዋ የጠፋ ይመስል «ወንበር በስተግራሽ ነው» እያለ ጮኸባት። ሻይ የምትቀዳዋ ሴት ደግሞ በሴትዮዋ ራስ ላይ አሻግራ አክስትየዋን «ሻይ ትጠጣለች?» ስትል ጠየቀች።

«ትጠጣለች» አለች ባለ ዘንጓ። «ስኳር ግን አትወድም።»

ይህች ሴት እታለም ሦስት ሳምንት ተኝታ የሞተችበት ሆስፒታል ስልከኛ ናት፤ የደወለን ሁሉ ከሚፈልገው ክፍል የምታገናኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የተማረችው እታለም በገለበጠቻቸው መጻሕፍት ነው። ሰፊዋ አጠገብ ተቀመጠች፣ እጇን ፈልጋ ያዘች፣ «ያጽናሽ እትዬ» አለቻት፤ ከዚያ ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች። ልትነሳ ስትል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«በዚህ ሰዓት መጠየቄ ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ምዕራፍ አሥራ አንድን ጨርሳው ነበር?»

ሰፊዋ ነገሩን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። አርብ ጠዋት ፈተና አለ። ያለፈ ሰው ከሥራ የተባረሩ፣ የተበደሉ ሠራተኞችን አቤቱታ የሚሰማ ባለሙያ ይሆናል። ተፈታኝ የሥራ ሕጉን መጽሐፍ ይዞ መግባት ይፈቀድለታል፤ የሚያነብለት ሰው ይዞ መግባት ግን አይፈቀድለትም። ዓይን ያለው መጽሐፉን ከሱቅ ገዝቶ ይገባል። ስልከኛዋ መጀመሪያ ባዶ እጇን ገብታ ወደቀች፤ ሁለተኛ ጊዜ ግማሹን ይዛ ገብታ ለጥቂት ወደቀች። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ አራተኛ የሚባል የለም። እታለም «በዚህኛው ሙሉውን ይዘሽ ትገቢያለሽ» ብላ ቃል ሰጥታት፣ አሥሩን ምዕራፍ አስረክባታለች። የቀረው አንድ ነው።

«አላየሁም» አለች ሰፊዋ። «ፈልጌ እደውልልሻለሁ።»

ውሸቷን ነው። ምዕራፉ የት ጋ እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመም ከሷ በላይ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

ስልከኛዋ ከወጣች በኋላ ሰፊዋ ብርጭቆ የምታነሳ መስላ ተነሳች፤ አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ፣ በማድ ቤት በኩል ዞራ የራሷ ክፍል ገባች። ጨርቅ ከምትቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብላ ቡናማ የእጅ ቦርሳ ጎትታ አወጣች። የእታለም ቦርሳ ነው። ውስጡ መጽሐፉ አለ፣ ወፍራም ነጭ ወረቀት አለ፣ መስኮት መስኮት ያለው የብረት ሰሌዳ አለ፣ እታለም ወስፌ የምትላት ባለ እንጨት እጀታ መውጊያም አለች።

ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን ነበር እታለም «ቦርሳዬን አምጪልኝ» ያለቻት። ሐኪሙ እረፍት ያስፈልጋታል ብሎ ነበርና ሰፊዋ «ረሳሁት» አለች። በሳምንቱ ደግማ ስትጠይቃት «ውይ፣ ዛሬም ረሳሁት» አለች። ለሦስተኛ ጊዜ የጠየቀቻት ቅዳሜ ነው። ያን ዕለት ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፤ «የሰባት ገጽ ነገር እኮ ነው፣ ሁለት ቀን አይፈጅብኝም» አለች፤ ለምና አታውቅም፣ ያን ቀን ግን ለመነች። ሰፊዋ ትራሷን አስተካከለችላትና «ነገ አመጣልሻለሁ» አለቻት። ነገ እሑድ ነበር። እሑድ ጠዋት ስትደርስ አልጋው ላይ አንሶላው ብቻ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ለቀስተኛ ሳይበዛ ሰፊዋ እታለም ክፍል ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ጠረጴዛው መስታወት ሥር የብሬል ፊደላት ዝርዝር አለ፤ ልትማር ለምትመጣ ሰው ሁሉ እታለም ያዘጋጀችው ነው። ስድስት ነጥብ ናት ነገሩ ሁሉ። የትኞቹ እንደሚወጉ ካወቅሽ ጻፍሽ ማለት ነው። ሰፊዋ ልጅ ሆና ተምራው ነበር፤ አርባ ዓመት ያህል ስላልነካችው እንጂ።

ያኔ እሷ አሥር፣ እታለም ሃያ ዓመቷ ነበር። ዳይሬክተሩ በዚህ ሐዘን ቤት በየቀኑ የሚያወራት ታሪክ ናት፤ በየቀኑም የእሱ ድርሻ ትንሽ ትንሽ እየተሻሻለ ሄዶ ዛሬ ሐሳቡ ከራሱ የመጣ ለመምሰል ምንም አልቀረውም። እውነቱ እንዲህ ነው። አንድ አባት ዓይነ ስውር ልጁን በእጇ ይዞ ሊያስመዘግብ መጣ። ዳይሬክተሩ መጽሐፍ በሌለበት በምን ትማራለች ብሎ ሊሸኛቸው ሲል፣ ጥግ ላይ ታይፕ የምትመታው ልጅ ቀና ሳትል «መጽሐፍ ካላት ትቀበላታለህ?» አለችው። ልገላገላት ብሎ አዎ አላት። እታለም ከተማው ዳር የገመድ ወንበር የሚሠራ ዓይነ ስውር ሰውዬ ፈልጋ፣ ከሥራ መልስ እየሄደች ከሱ ተማረች። በአራተኛው ወር አንድ ክምር ጉርብጥብጥ ያለ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ዳይሬክተሩ ቢያገላብጠው ቀለም የለበትም።

«ይሄ ባዶ ነው» አላት።

«ላንተ ነው ባዶ የሆነው» አለችው እታለም። ልጅቷ በማግስቱ ክፍል ገባች። ይህቺን መልስ ዳይሬክተሩ ሲያወራ ይዘላታል።

በዚያ ወራት ሰፊዋ ከእታለም ጎን አትጠፋም ነበር። ሰሌዳውን ትይዝላታለች፣ በቁርጥራጭ ወረቀት ትለማመዳለች። አንድ ቀን አክስትየዋ «ሂጂ እህትሽን ምሳ ደረሰ በያት» ስትላት፣ በአፏ ከምትናገር በወስፌዋ ወግታ በበሩ ሥር አሾለከችላት። ከውስጥ እታለም በሳቅ ስትንፈራፈር ተሰማች። በሩን ከፍታ እንባዋን እየጠረገች «ምሳ ፈወሰ ነው እኮ ያልሽው» አለቻት። ለአንድ ሰሞን በቤቱ ውስጥ ምሳ አይደርስም ነበር፤ ይፈውሳል እንጂ።

ከዚያ ሌሎች ልጆች መጡ። ሁለት ሆኑ፣ አምስት ሆኑ፤ ያቺ ጠረጴዛ የነሱ ሆነች። ሰፊዋ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሒሳብ ወድቃ ከትምህርት ቀረች። ውጤቱ የመጣ ዕለት ሰፊዋ የእታለም ክፍል በር ላይ ቆማ «ለሰው ልጅ ስትገለብጪ የራስሽን እህት ጣልሽ» አለቻት።  ትንሽ ቆይቶ ትክ፣ ትክ፣ ትክ የሚለው የወስፌ ድምፅ ቀጠለ። ሰፊዋ ሁለተኛ ያቺን ወስፌ ላትነካ ማለች፤ የስፌት መኪና ገዝታ መስፋት ጀመረች። ከዚያ ወዲያ በአንድ ቤት፣ በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሩ። ተኳርፈው አይደለም፤ ምሳ አብረው ይበላሉ፣ በጎረቤት አብረው ይስቃሉ። ስለዚያ ወረቀት ግን አንድም ቀን አላወሩም።

አሁን መሐላዋን አፍርሳ ወረቀቱን በሰሌዳው መሐል አስገባችና መውጋት ጀመረች። ዝርዝሩን እያየች፣ እያንዳንዷን ፊደል እየቆጠረች፣ እስከ ምሳ አንድ ወረቀት ሞላች። የምዕራፉ ርዕስ «ስለ ሠራተኛ ስንብት» ይላል። ስንብት የምትለዋን ቃል ለመውጋት ከሁሉም በላይ ቆየች። ጨርሳ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች።

«ሆስፒታል፤ ማንን ላገናኝዎት?»

«አንቺኑ» አለች ሰፊዋ።

ስልከኛዋ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ መጣች። ሰፊዋ ሰው ሳያያቸው በጓሮ በር አስገብታ ወረቀቱን እጇ ላይ አኖረችላት። የስልከኛዋ ጣት በመጀመሪያው መስመር ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ቅንድቧ ተሰበሰበ። ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው፤ ሐዘን ቤት ባይሆን ትስቅ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ የየት አገር ቋንቋ ነው?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ከግራ ጀምረሽ ነው የወጋሽው። ብሬል እኮ ከጀርባ ነው የሚወጋው፤ ከቀኝ ተጀምሮ፣ እያንዳንዱ ፊደል ፊቱን ዞሮ። ወረቀቱ ሲገለበጥ ነው ቀጥ የሚለው። ሳትገለብጪ ከወጋሽው ደ ፈ ትሆናለች፣ ረ ደግሞ ወ። ሌላውማ ስም እንኳ የለውም።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሰፊዋ ግማሽ ቀን የፈጀችበትን ወረቀት አየችው። ደ ፈ፣ ረ ወ፤ የዚያች የምሳዋ ስህተት እኮ ናት። ያኔም ሌሎቹን ፊደላት አስታውሳ ገልብጣ ሁለቱን ግን ዘንግታ ነው። ልጅ ሆና የሳተችውን በሃምሳ ሁለት ዓመቷ መልሳ ሳተችው። የሚያበሳጨው ደግሞ ይህ ሥራዋ መሆኑ ነው። ልብስ በግልባጩ ነው የሚሰፋው፤ ስፌቱ ከውስጥ ይሆንና ሲገለበጥ ነው መልክ የሚይዘው። ሠላሳ ስድስት ዓመት በግልባጭ ስትሠራ ኖራ፣ እህቷም ከግድግዳው ወዲያ በግልባጭ እየሠራች እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አስባው አታውቅም።

ስልከኛዋ የቀረውን ገጽ በጣቷ ውፍረት ለክታ አሰበች። ሰባት የታተመ ገጽ ሲወጋ ሃያ ወረቀት ይሆናል።

«አይደርስም» አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር ያህል።

«ይደርሳል» አለች ሰፊዋ።

ሐሙስ ከማለዳ ጀምሮ ክፍሏን ዘግታ ወጋች። አሁን እጆቿ ገብቷቸዋል፤ እጅጌ ገልብጠው እንደሚሰፉት ሁሉ ፊደሉን ገልብጠው ይወጉታል። እስከ አራት ሰዓት ሦስት ወረቀት፣ እስከ ምሳ ስድስት ሆነ። ትናንት ማታ በትክክል የደረሰው ሁለት ነበር። ትክትክታው ግን ሳሎን ድረስ ይሰማል። ለቀስተኛው መጀመሪያ ቧንቧ የሚያንጠባጥብ መሰለው፤ ቀጥሎ ሰፊዋ የለችም ተባለ፤ ቀጥሎ ያቺ እንባ አይገድም ያለችው ሴት ጉዳዩን ደረሰችበት። ስፌት ላይ ናት ተባለ። የሰው ልብስ ቀጠሮ አለባት ተባለ። እህቷ አፈር ሳይደርቅላት።

አክስትየዋ በሩን ሳታንኳኳ ከፍታ ገባች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሁለቱንም አሳድጋቸዋለች፤ በቤቱ ውስጥ ማንኳኳት ያለባቸው ሌሎች ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን እንደሚል ሰምተሻል? በዚህ ዕድሜዬ አንገቴን ታስደፊኝ?»

ሰፊዋ ወስፌዋን አላስቀመጠችም።

«ቦርሳው እኔ ጋ ነበር» አለች።

አክስትየዋ የምን ቦርሳ ስትል ሰፊዋ ነገረቻት። የመጀመሪያውን ረሳሁት፣ ሁለተኛውን ረሳሁት፣ የቅዳሜውን ነገም ሳታስቀር፣ ከጨርቁ ጠረጴዛ ሥር ጀምራ እስከ አንሶላው ድረስ ነገረቻት። ስልከኛዋ ነገ ብትወድቅ የጣልኳት እኔ ነኝ አለች። አክስትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን?»

«እንድታርፍ ብዬ ነው።» ሰፊዋ አንዲት ፊደል ወጋች፤ ከዚያ እጇ ቆመ። «ውሸቴን ነው። ለሦስት ሳምንት እንኳ ለኔ ብቻ እንድትሆን ፈልጌ ነው። ሞታ ነው እንጂ ለኔ ብቻ አልሆነችም።»

 ሰፊዋ ስድቡን ጠበቀች፤ ቢመጣ ደስ ባላት ነበር። አሮጊቷ ግን እጇን ብብቷ ውስጥ ሰዳ መነጽሯን አወጣችና በቀሚሷ ጠረገችው።

«የት ጋ ደርሰሻል?» አለች መጽሐፉን ስባ። «እኔ ላንብብልሽ፣ አንቺ ውጊ። እያየሽ ስትወጊ ነው ጊዜ የሚገድልሽ።»

አክስትየዋ በሕይወቷ ድምፅ አውጥታ ያነበበችው የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ነበርና የሥራ ሕጉንም በዚያው ዜማ ያዘችው። «አሠሪው ሠራተኛውን ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚችለው» ስትል ድምፅዋ ከፍ ይላል፤ «በሚከተሉት ምክንያቶች ብቻ ይሆናል» ስትል ዝቅ ብሎ ይረግባል። ሳሎን ያለው ወሬ ቀስ በቀስ ሞተ። ለሟቿ ጸሎት እየተደረገ ነው ተባለና ኮፍያ ያለው ኮፍያውን አወለቀ። ትክትክታውንም የመቁጠሪያ ድምፅ አደረጉት። አክስትየዋ አንቀጽ ሰላሳን አልፋ፣ ገጽ ገልጣ፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ማንም ሠራተኛ ሳይሰማ አይሰናበትም።»

ከሳሎን የዳይሬክተሩ ድምፅ «አሜን» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት።

አክስትየዋ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየቻት። ሰፊዋ መሳቅ ጀመረች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ሳይታወቃት ወደ ልቅሶ ዞረ። ማንም ሳይሰማ። እታለም ሦስት ጊዜ እኮ ተናግራለች፤ የሰባት ገጽ ነገር ነው ብላ ለምናለች። አራት ቀን የት እንደተደበቀ ያልታወቀው እንባ መጣና አላቆም አለ።

«ወረቀቱን» አለች አክስትየዋ፣ ሰሌዳውን ከእንባው እየሸሸገች። «ከራሰ ነጥቡ ይሞታል። ወደዚያ ዞረሽ አልቅሺ።»

ዞራ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ተመለሰች። ጀንበር ሳትጠልቅ ሃያኛው ወረቀት አለቀ።

አርብ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ በሩ ላይ ቆመ። ሰፊዋ ወረቀቶቹን በሸማኔ ክር ጠርዛ፣ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ስልከኛዋ ወርዳ የመጀመሪያውን ወረቀት በጣቷ ሮጠችበት። ሦስተኛው መስመር ላይ ራሷን ነቀነቀች፤ መሐል ላይ ከፈተች፣ እዚያም ነቀነቀች።

«ሁለት ቦታ ረ ወ ሆናብሻለች። ይገባኛል ግን» አለች። «ይሄ መጽሐፍ ነው እትዬ። መጽሐፍ ነው።»

ሰፊዋ ደስታው ሳይዛት ጥፋቷን ልትናገር ፈለገች። ቦርሳውን የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ ለምናኝ ነበር፣ አልሰጠኋትም አለቻት። ባለ ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ። የስልከኛዋ ጣቶች ወረቀቱ ላይ እንዳሉ ደረቁ።

«ከፈተናው በኋላ እቆጣሻለሁ» አለች መጨረሻ ላይ። «ትንሽ አይደለም የምቆጣሽ። አሁን ግን ጊዜ የለኝም።»

ሰፊዋ ይህ እንዴት እንዳሳረፋት አትጠይቁኝ፤ ሰው ሲያጽናናት በሰነበተበት ሳምንት ልቆጣሽ ያላት እሷ ብቻ ናት። ስልከኛዋ የመጨረሻውን ወረቀት ፈልጋ እግርጌው ላይ ጣቷን አሳለፈች። አንዴ፣ ሁለቴ።

«አላለቀም እንዴ?»

«እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ጽፌዋለሁ። አክስቴ ምስክር ናት።»

«መጨረሻ ላይ የምትገባዋ ቃል የለችማ። የእታለም መጽሐፍ ሲያልቅ፣ የሁሉም መጨረሻ ወረቀት ታችኛው መስመር ላይ ብቻዋን አንዲት ቃል አለች። ተማሪ ቤት ሆነን ተከራክረንባታል። አንዱ ጸሎት ናት ይላል። አንዷ ደግሞ የለም፣ ጥሏት የሄደው እጮኛዋ ስም ነው ብላ በአዳሪ ቤቱ ሁሉ አስወራች።» ሳቅ አለች። «ስንጠይቃት ምን እንዳለችን ታውቂያለሽ? መጻፍ ስማር አብራኝ የተማረች ልጅ ስህተት ናት፣ ከኔ ትክክል ትበልጣለች አለችን።»

ሰፊዋ ቃሏን ከመስማቷ በፊት አወቀቻት።

«ፈወሰ ነው የምትለው» አለች ስልከኛዋ።

ባለ ታክሲው ደግሞ ነፋ። ሰፊዋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አርባ ሁለት ዓመት፣ በዚያ ሁሉ መጽሐፍ፣ በማታውቃቸው ልጆች ሁሉ ጣት ሥር የሷ ምሳ ስትደርስ ኖራለች። ጣልሽኝ ያለቻት ዕለት ሳይቀር ከግድግዳው ወዲያ የሆነ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ተወግታ ይሆናል። እታለም አንድ ቀን እንኳ አልነገረቻትም። እሷም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻትም።

«አንድ ደቂቃ ስጪኝ» አለች።

ሰሌዳውንና ወስፌዋን አመጣች። የመጨረሻውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አኑራ ታችኛው መስመር ላይ ሰሌዳውን አስነከሰችበት። አክስትየዋ በር ላይ ወጥታ ቆማለች። ሰፊዋ ከቀኝ ጀመረች። እጇ አሁን መገልበጥ ለምዷል፤ ደ ላይ ስትደርስ ገልብጦ ሊወጋ ሲል ያዘችው። ሳትገለብጥ ወጋቻት። ረንም እንደዚያው፣ ልጅ ሆና እንዳደረገችው፣ ሳትገለብጥ። ሰን ብቻ ገልብጣ በትክክል ጻፈቻት። ወረቀቱን ከሰሌዳው አውጥታ አዞረችና ዓይኗን ጨፍና ጣቷን አሳለፈችበት።

ስልከኛዋ እጇን ዘረጋች። ሰፊዋ ወዲያው አልሰጠቻትም፤ አንዴ ደግማ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ሰጠቻት።

ታክሲው ሲሄድ ሳሎን ገባች። ለቀስተኛ ገና አልመጣም፤ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። አክስቷ አጠገብ ያለውን ወንበር ስባ፣ ማንም ተቀመጪ ሳይላት ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ፣ እጆቿንም ጭኗ ላይ አስተኛቻቸው።